ያለ እኔ የወጣው ዘፈን

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት አሱር ተሰግዶ ነው። ባለቤቴ ኡመር ሻንጣዬን ይዞ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሟል፤ ልጃችን ራህማ ግን አኩርፋ ከቤት አልወጣችም። «ጅዳ ሠርቼ፣ ለቡድናችን ኪቦርድ ገዝቼ ልኬ እመለሳለሁ» አልኩት። «ያላንቺ አንዘፍንም፣ ወላሂ!» አለኝ።

እናንተ ሐይቅና ውጫሌ ያላችሁ ቡድናችንን ታውቁታላችሁ፤ ከካሴት ዘመን ጀምሮ ያልዘፈንበት ሠርግ የለም። ኡመር ግጥሙን ይሰጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ብዙ ዓመት ተበትነን ኖረን፣ ለውጡ የመጣ ጊዜ ተሰባስበን አዲስ ዘፈን ስናሰናዳ ጦርነቱ ደረሰ። ሸሽተን ስንመለስ ኪቦርዱም ማጉያውም ተዘርፏል።

ኤጀንሲው ቤት ጸሐፊው «ሙያሽ?» አለኝ።

«ዘፋኝ።»

«እዚያ ዘፋኝ ማን ፈልጎ! ምግብስ?»

«እኔ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ እንጂ አልሠራም።»

ደስ ብሎት «የሠርግ ምግብ ባለሙያ» ብሎ ጻፈልኝ። በሱ ጦስ ይኸው ጅዳ ላይ ለአሠሪዬ ለማዳም ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሩዝ ስቀቅል እውላለሁ። ማዳም ሳንጎራጉር ከሰማችኝ «ኡስኩቲ!» ትላለች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። እዚህ ንፋሱ ራሱ ያቃጥላል። ዓሣው ትልልቅ ነው፣ ግን የሐይቃችን ዓሣ ጣዕም የለውም፤ ወይ የኔ ምላስ ሞቷል።

ኪቦርዱን ከላክሁ ቆየሁ። ፓስፖርቴ ግን ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። «መቼ ልሂድ?» ስላት «ከረመዳን በኋላ» ትለኛለች። ረመዳን ሲያልቅ ደግሞ «የትኛው ረመዳን አልኩሽ?»

ባለፈው ጁምዓ አንዲት የአገሬ ልጅ «ቡድናችሁ ተመለሰ፣ እልል በይ!» ብላ ዘፈን ላከችልኝ። ወጥ ቤት ተደብቄ ከፈትኩት። ኡመር ነው።

መንገዱን ጠየቅሁት፣ ያን የሄድሽበትን፣
አላውቅም ይለኛል፣ የምትመጪበትን።

የምትቀበለውን ስሰማ የድሮ ድምፄን ከካሴት ወስደው ያስገቡት መሰለኝና ደስ አለኝ። ደግሜ ስሰማው ግን ትንፋሿ ረጅም ነው፤ እኔን ስንኝ መሀል ላይ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ራህማ ናት።

መንገዱን አትጠይቅ፣ ምኑን አይቶ ያውቃል፣
የሄደ ሰው እንጂ፣ መንገድ መቼ ይርቃል።

የሚያጅባት እኔ የላክሁት ኪቦርድ ነው። ሩዙ እስኪያር ድረስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለኡመር ደወልኩ። «ያላንቺ አንዘፍንም ብለኸኝ አልነበር?»

«ሦስት ዓመት ዝም አልን እኮ! እኔ ልቀበል ያለችው ራህማ ራሷ ናት።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

ሲጠራት ሰማሁ። ተመልሶ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «‹የምለውን ዘፍኛለሁ በላት› አለች» አለኝ።

እሱ ጨነቀው መሰለኝ፣ «አብሽሪ፣ እስቲ እንደ ድሯችን ተቀበይኝ» ብሎ በስልኩ ስንኙን ሰጠኝ። እኛ አገር የተሰጠ ስንኝ ሳይቀበሉ መተው ነውር ነው። አፌን ከፈትኩ። ሦስት ዓመት ያፈንኩት ድምፅ አልወጣ አለኝ። ኡመር ስንኙን ደገመልኝ።

ከቤቱ ውስጥ ራህማ ተቀበለችው።