ዮናስን አንደኛ ያደረገው ጨዋታ

ልጅ እያለሁ ወንድሜ ዮናስ ሰው የሚጥል ክንድ ነበረው። ዴልፍስሃቨን ሰፈራችን ውስጥ ከእሱ ጋር የተጣላ ልጅ አፍንጫው ሳይደማ ቤቱ አይገባም። እሱም ከንፈሩ ሳያብጥ የገባበትን ቀን አላስታውስም። እኛ በሰማንያዎቹ ሮተርዳም ያደግን ሰዎች ትዝታ ስናወራ በረዶውንና ብስክሌቱን ብቻ እናነሳለን፤ ውሸታችንን ነው። የእኔ ልጅነት የሚሸተኝ ደም የነካው መሐረብ፣ እርጥብ ሣርና ዮናስ ትከሻው ላይ የሚቀባው የሚያቃጥል ቅባት ነው።

ያንን ክንድ ከመንገድ ያነሱት ጋሽ ተስፋይ ናቸው። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛውን ከአባቴ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሲሠሩ ቤዝቦል ለመዱ። እዚህ ሲመጡ ደች ሆንክባል እያለ የሚጫወተው ያንኑ ሆኖ አገኙትና ሰፈራችን ላለው ክለብ ነጥብ መዝጋቢ ሆኑ። ዮናስንም «ጡጫህን አስቀምጥና ይህችን ወርውር» ብለው ኳስ አስያዙት። ለማያውቅ ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታ ይሞክራል፣ ሦስቴ የሳተ ይወጣል። ዮናስ ሲወረውር ኳሷ ስታፏጭ አጥሩ ጋ ቆሜ እሰማት ነበር።

ክለቡ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲል፣ በታሪኩ በአንድ ጨዋታ ከታዩት ሁሉ ኃይለኛው ውርወራ የቱ እንደሆነ ተመርጦ የወርዋሪው ስም በእንጨት ሰሌዳ ላይ እንዲቀረጽ ተወሰነ። የክለቡ ሽማግሌዎች ቢራቸውን ይዘው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዘመን አነሱ። ክርክሩ ጦፎ ኮሌታ ለኮሌታ ሲያያዙ፣ በቃ ጋሽ ተስፋይ በቁጥር ይዳኙን ተባለ። እሳቸው ደግሞ ስንት ሰው አስወጣ ብሎ መቁጠር ብቻውን ሞኝነት ነው ባይ ናቸው። ሰነፍ መቺ የበዛበት ዓመት አለ፤ ሰነፍ ላይ መጀገን ምኑ ያስመካል? ስለዚህ እያንዳንዱን ጨዋታ በዚያው ዓመት ከተወረወሩት ጋር አመዛዘኑ፤ ተጋጣሚው በሌላ ቀን እንዴት ይመታ እንደነበርም አዩ። ከጎልማሶቹ ሁሉ በላይ የወጣው ዮናስ የሄግ ከተማን ልጆች የረታበት ጨዋታ ሆነ።

በዚያው በበዓሉ ዓመት የተደረገውን ያንን ጨዋታ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ዙር ሮብ የሚባል፣ ሙርዋይክ ከተባለው የሄግ ሰፈር የመጣ ልጅ ዱላውን ይዞ ቆመ። ኳሷ ከራስ መከላከያው ሥር ጉንጩን አገኘችው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ልጁ በግንባሩ ተደፋ፣ ሣሩ ቀላ። የሄጎቹ ዮናስ ላይ ሰፈሩበት፣ የእኛዎቹም ገቡበት፣ ጥርስ ረገፈ። ሮብ በአምቡላንስ ከሄደ በኋላ ዳኛው ምን እንደነካው እንጃ፣ ጨዋታውን አስቀጠለው። ከዚያ ወዲያ ዮናስን የሚችለው አልተገኘም። ሮብ አንድ ዓይኑ ጠፋ ሲባል አዘንን፤ ግን ኳስ አምልጦት ነው ብለን ነበር።

ዮናስ ያንን ሰሌዳ ከምግብ በላይ ፈልጎት ነበር። ስማችን በዚህ አገር የተጻፈው የበሩ ደወል ላይ ብቻ ነበርና አልፈርድበትም። ጋሽ ተስፋይ ውጤቱን ሊነግሩን ቤታችን ሲመጡ እናቴ እልል አለች፤ እሳቸው ግን የቀረበላቸውን እንኳ አልቀመሱም። ጨዋታውን ለሁለት ከፍዬ አየሁት አሉ። ሮብ ከመመታቱ በፊት የዮናስ ውርወራ እንደማንም ነው፤ እንደ ልባቸው ይመቱት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከሁሉ በላይ ያወጣው። «ይሄ የክንዱ አይደለም፣ የመቺዎቹ ፍርሃት ነው» አሉት አባቴን። አባቴ ወደ ዮናስ ዞሮ «ሆን ብለህ ነው?» አለው። ዮናስ ላስፈራራው ብዬ ነበር አለ። የዚያን ቀን አባቴ ዮናስን የገረፈበት ቀበቶ ድምፁ አሁንም ይሰማኛል፤ መሃል የገባችው እናቴም ክንዷ ላይ ቀመሰች።

በማግስቱ አባቴ ከመንገድ ጥገና የተረፈ ድንጋይ በፌስታል ይዞ በባቡር ወደ ሄግ ወሰደን። በአገራችን ሰው የጎዳ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ድንጋዩን የሚያነሳለት ተበዳዩ ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ ተስፋይ ነበሩ፣ አስተርጓሚዋ እኔ። ጋሽ ተስፋይ እነዚህ ሰዎች ይሄን አያውቁም ቢሉት፣ አባቴ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ ዮናስን ድንጋዩን አሸክሞ ደጁ ላይ አንበረከከውና ደወሉን ተጫነ።

የሮብ አባት በሩን ከፍቶ ምን አየ? የልጁን ዓይን ያጠፋውን ልጅ፣ ድንጋይ ይዞ፣ ሁለት ወንዶች አስከትሎ። መስኮቱን ሊሰብሩ መጡ ብሎ የሮብን ዱላ ከኋላው አነሳ። የመጀመሪያው ምት የአባቴን ትከሻ አገኘ፣ ሁለተኛው የጋሽ ተስፋይን ጣት ሰበረ። እኔ ዮናስን አውቀዋለሁ፤ አባቱ ሲመታ ዝም የሚል ልጅ አልነበረም። ድንጋዩን አውርዶ የሰውየውን ግንባር ለመፈርከስ አፍታ ይበቃው ነበር። ጣቶቹ ድንጋዩ ላይ ሲነጡ አየሁ። አባቴ ወድቆም «እንዳትነሳ!» ይለዋል። ዮናስ አልተነሳም። እኔ በደች ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፣ ድንጋዩን አንሱለት እያልኩ ስጮህ ሮብ ራሱ ወጣ፣ ዓይኑ እንደታሸገ።

ሰውየው ዱላውን ዝቅ አደረገ። ሮብ ቀስ ብሎ ቀረበና ድንጋዩን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። እጁ ሳተው፤ አየር ጨበጠ። በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም ለካ። ዮናስ አንገቱን ደፍቶ የዚያን እጅ መሳት አየና አለቀሰ፤ ቀበቶው ያላስለቀሰው ልጅ። ሮብ እየዳበሰ ድንጋዩን አገኘው፣ አንስቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠው፣ ተመልሶም ገባ። ይቅር ይበለው አይበለው ዛሬም አላውቅም።

ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ስም ተቀረጸ። ጋሽ ተስፋይ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጣታቸው እንደተጣመመ አርፈዋል። ዛሬ የእያንዳንዷን ኳስ ፍጥነት ኮምፒዩተር ይናገራል፤ ወላጆች አጥሩ ጋ ቆመው ስልካቸው ላይ የልጃቸውን ቁጥር ያያሉ። ዮናስ ሄግ ውስጥ ትራም ይነዳል፣ ያ ክንድ ከዚያ ወዲህ አልወረወረም። ልጁ ግን ወርዋሪ ሆኗል። ባለፈው ሜዳ ወስደነው «አባ፣ አንተስ ጎበዝ ነበርክ?» አለው። ወንድሜ የልጁን ጓንት እያጠበቀለት፣ ቀና ሳይል መለሰለት።

«ተራ ወርዋሪ ነበርኩ። አንድ ልጅ መታሁና ፈሩኝ።»