የእኔ እጅ ጽሑፍ ደስማ መንገድ ላይ

ኩዌት፣ ደስማ ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ ያለቀውን አስቤዛ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈ ወረቀት በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ለአሠሪዬ ለማዳም በዐረብኛ አነብላታለሁ። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ ገንዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ ስቲከር ተለጥፏል። «ሽንኩርት አልቋል» ይላል። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ቋ»ን እንደዚያ አጣምሞ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም። በጥፍሬ ፍቄ አነሣሁት። በማግስቱ የመብራት ምሰሶው ላይ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ።

ጎረቤት ቤት የምትሠራው የወሎ ልጅ በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«አንቺ፣ በዚህ ስቲከር ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው?»

«ማርያምን፣ እኔ አይደለሁም!»

«እጅሽን አውቀዋለሁ እኮ። የሾርባ አሠራር ጽፈሽልኝ የለ?»

አላመነችኝም። እኔም ማንንም ማመን አቆምኩ። የቤቱን ሾፌር ጠረጠርኩ። ማዳም ልትፈትነኝ ይሆን አልኩ። ጎረቤቴንም ሳይቀር ጠረጠርኳት። በመጨረሻ ማቀዝቀዣው ላይ ባለው ወረቀት «ሌባ፣ እጅህን ሰብስብ» ብዬ ጻፍኩና ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። አማርኛ የሚያነብ ሰው የራሱን ስድብ አይለጥፍም። የቤት ሰው ነው ማለት ነው።

የማዳም ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ትማራለች። ክፍሏን ሳጸዳ የቆሻሻ ቅርጫቷ በስቲከር ቁርጥራጭ ተሞልቷል። አንዱን አንሥቼ ፊቷ ቆምኩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ደነገጠች። «የማቀዝቀዣውን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ነው የማትመው። ፊደላችሁ ደስ ይለኛል። ከተማው ማስታወቂያ ብቻ ሆነ፤ ሰው በእጅ የተጻፈ ነገር እንዲያይ ብዬ ነው።»

«ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ነገርኳት። ሳቀች፤ እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ተወችው።

«ፖሊስ ቢጠይቅ የማን እጅ ነው የሚባለው? ያንቺ ነው የኔ?»

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለች።

በሳምንቱ ይቅርታ ጠየቀችኝና «አንቺ የምትፈልጊውን ጻፊልኝ» አለች። ወጥመድ መሰለኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ የማንም እጅ እንዳይመስል፣ እንደ ፊደል ገበታ ቀጥ አድርጌ፣ በር ሲንኳኳ ከውስጥ የምንለውን «ሰው አለ» ጻፍኩላት።

የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጠፈችው። የወሎዋ ልጅ ከእኔ ጋር ስታልፍ አየችው።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው።