ሞልተናል

እናቴ፣ ወንድሜ ኮምቦልቻ ሥራ ውሎ በሚኒባስ ደሴ እስኪገባ ድረስ እራት አታስነካንም ነበር። ኮቴውን በር ላይ ስትሰማ ትሪውን ታቀርብና ዙሪያችንን ቃኝታ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሞልተናል» ትላለች።

«እማ፣ ሽሮ ብቻ እኮ ነው፤ ምኑ ነው የሞላው?» ይላታል ወንድሜ።

«አንተ ሆዳም! ስለ ወጡ ማን አወራ? ሰዉን ነው እንጅ!»

እኔ ሰው አገር ስመጣ ቦታዬ ባዶ ሆነ። እሷ ግን በእራት ሰዓት ታስደውልና ስልኩን እዚያው ቦታዬ ላይ ታስቀምጠዋለች። «በይ፣ ቢስሚላህ በይ» ትለኛለች፤ በባዶ አፌ ቢስሚላህ እላለሁ። ያን ጊዜ «ሞልተናል» ትላለች። «ለረመዳን እመጣለሁ» እያልኳት ስንት ረመዳን አለፈ።

ለቀብሯም አልደረስኩም። በሳምንቱ ወንድሜ በእራት ሰዓት ደወለና ስልኩን እንደ ልማዷ ቦታዬ ላይ አስቀመጠው። ትሪው ሲቀመጥ ሰማሁ። ሁላችንም ያችን ቃል እየጠበቅን ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ በመጨረሻ። «ሞልተናል» ማለት ግን አቃተኝ፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ያ አላህ፣ ጀነት ውስጥ ሞልተን እንድንቀመጥ ወፍቀን። እማ እስከዚያ ትጠብቀናለች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች።