ቤልጅጉን የሚያቆም ሰው ጠፋ

አሜሪካ ውስጥ ኳስ ለሚጫወት ልጅ ኮሌጅ በነፃ ያስተምሩታል ሲባል የሰማሁ ቀን ሳቅ ይዞኝ ከሚኒባሱ በር ልወድቅ ነበር። እኔ ከትምህርት የቀረሁት በኳስ ነዋ! ዩኒት ሊደሩ የቅርጫት ኳሴን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ ሰልፍ ላይ በተማሪ ሁሉ ፊት አቆመኝና «ምረጥ! ወይ ኳሱን፣ ወይ ደብተሩን» አለኝ። ኳሱን አልኩ። ተማሪው በእጁ አጨበጨበ፣ እሱ ደግሞ ጉንጬ ላይ አጨበጨበ። አስረኛን እንደምንም ተፈትኜ ነበር፣ ውጤቱን ግን አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዛ ወዲህ ረዳት ነኝ። ከኛ ከተማ ጅማ፣ ከጅማ እኛ ከተማ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ እመላለሳለሁ። ከተማችን በአጋሮ መስመር ያለች የቡና ከተማ ናት። ቀን ሙሉ የምዘጋው በሩን እንጂ አፌን አይደለም። ከሥራ ስወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከቀበሌው ጀርባ ያለችው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ እንጫወታለን። አንዱ ቀለበት ጎብጧል፣ ሌላው መረብ አያውቅም። ቢሆንም የኛ ናት።

የአሜሪካውን ወሬ ያመጣብኝ አንድ የቤልጅየም ልጅ ነው። አባቱ የጫካ ቡና ሊያጠና መጥቶ እኛ ከተማ ቤት ተከራየ። የሰው ዛፍ ላይ ሁሉ ቆርቆሮ እየቸነከረ ቁጥር ይሰጣል። ልጁ አስራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሷል፣ ቁመቱ ደግሞ ሚኒባሳችን ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል። የከተማችን ትልቁ የቡና ነጋዴ ሐጂ መጀመሪያ ያዩት ቀን ከእግር እስከ ራሱ ቃኝተውት፣

«ከየት ነው ይሄ?» አሉኝ።

«ከቤልጅየም ነው ሐጂ።»

«ቤልጅግ? እኛ የምናውቀው ቤልጅግ ጠመንጃ ነው። ማሻአላህ፣ ይሄም አፈሙዙ ረጅም ነው።»

በቃ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ቤልጅጉ ሆኖ ቀረ።

ቤልጅጉ አማርኛ የተማረው ገበያ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ስድብ ነው። አብረን መጫወት ከጀመርን በኋላ ጋቢና ተቀምጦ ስልኩን ያሳየኝ ጀመር። አገሩ አንድ ክለብ ውስጥ አብረውት ያደጉ ሦስት ጓደኞች አሉት። ሦስቱም አሜሪካ ኮሌጅ ገብተው ይጫወታሉ። አንዱ በረዶ ውስጥ ቆሞ ይስቃል። አንዱ የዞናችን ሕዝብ በሙሉ ቢገባበት የማይሞላ አዳራሽ መሀል ኳስ ይዟል። አንዱ የሚበላውን ብቻ ነው ፎቶ የሚያነሳው፤ ያንን ሳህን ያየ ሰው ኳስ ባይወድም ኮሌጅ ይገባል።

«ሦስት ሄዱ። እኔ ቀረሁ» አለኝ።

«አንተማ በቡና ቀረህ።»

«አዎ። አባዬ ቡና።»

እሱንም የሚፈልግ አንድ አሜሪካዊ አሰልጣኝ ነበር። ግን ሰውየው አለኝ የሚለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ልጁን ደግሞ አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ከፈረንጅ ገና በፊት ቪዲዮ ላክ ብሎታል። ብቻህን ቀለበት ስር ስትወረውር አይደለም፣ ሙሉ ሜዳ፣ አምስት ለአምስት፣ ከሰው ጋር ስትጫወት። ቪዲዮው ካልጣመኝ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። እንግዲህ የቤልጅጉ አሜሪካ እኛ እጅ ላይ ወደቀ።

ንዴቴን አልደብቅም። የኔንስ ማን ቀረጸው? ስብሰባ ሲኖር «ወጣቱ» እንባላለን፣ ኮፍያና ቲሸርት ይሰጠናል። ሜዳው ይጠገንልን ስንል «አደገኛ ቦዘኔ» እንሆናለን። አሁን ደግሞ ፈረንጅ እንዲያምር ከኋላው ቆማችሁ ተሸነፉ! እኔ በልቤ ምን አልኩ? አሳየዋለሁ አልኩ። ካሜራው ይምጣ ብቻ።

ካሜራው መጣ። ችግሩ፣ ካሜራውን ይዛ የመጣችው እናትየዋ ናት።

ሴትየዋ አንድ ሳጥን ለስላሳ አሸክማ ሜዳው ድረስ መጣች። እያንዳንዳችንን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከቀትር በኋላ «እንደምን አደራችሁ» አለችን። እኛ ወገን አምስት ነን፦ እኔ፣ አንድ በያጅ፣ የስፖርት አስተማሪያችን፣ እንዲሁም ሁለት የመጋዘን ጫኝ ወንድማማቾች። በያጁ የሲኖትራክ በር በትከሻው የሚዘጋ ሰው ነው። ለስላሳውን ጨልጦ ወደኔ ዞረና፣

«የሴትየዋ ዓይን እያየኝ ልጇን ልገፋው ነው?» አለኝ።

«ጨዋታ ነው እኮ!»

«እሱማ ጨዋታ ነው። እናትስ?»

ከተማው ሁሉ ደግሞ ሊያይ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ከዳር ሆነው «እንግዳ ነው፣ እንዳትነኩት!» ይላሉ። እንዴት እንደተጫወትን ልንገራችሁ? ቤልጅጉ ከአራት ተማሪዎች ጋር ነው የተሰለፈው። ኳሱን እያነጠረ ሲመጣ እኛ ኖር ብለን መንገድ እንለቃለን። በያጁማ በእጁ ጭምር ነው «ግባ፣ ግባ» ያለው፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንግዳ የሚቀበል ነው የሚመስለው። አንዴ ቤልጅጉ በራሱ ጫማ ተደናቅፎ ወደቀ። ጨዋታው ቆመ። ሕዝቡ በሙሉ «እኔን!» አለ። ከጫኞቹ አንዱ ኳሱን ጥሎ የልጁን ጉልበት አራገፈለት። እኔም፣ አሳየዋለሁ ያልኩት ሰውዬ፣ ክንዱን ይዤ አነሳሁት። ምን ታደርጋለህ፣ እናትየዋ እያየችኝ ነው!

ቤልጅጉ ያን ቀን ያገባውን የሚቆጥር ጠፋ። ቪዲዮውን አባትየው ጅማ ወስዶ ላከው። ከተማችን ግዳጇን ተወጣች፣ ልጁን አሜሪካ አስገባን ብለን ተለያየን።

መልሱ ሲመጣ ቤልጅጉ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ አገኘኝ።

«አሰልጣኝ ተናደደ» አለኝ። «እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው አለ። ለምን ጉልበትህን ያጸዳሉ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያቆምህ አሳየኝ አለ። ሌላ ቪዲዮ በሁለት ሳምንት። አለዚያ በቃ።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ግን ልጁ ሊያለቅስ ነው። በይሉኝታ አሜሪካን ልናስቀርበት! ምቀኛ ቢኖረው ኖሮ እንዲህ አይጎዳውም ነበር።

ድጋሚ እንጫወት እንዳንል ደግሞ ሜዳው የለም። ህዳር ገብቷል፣ ቡናው ደርሷል። በያመቱ እንደሚሆነው ቀበሌው የወጣቱን ሜዳ ለሐጂ አከራይቶታል። ሲሚንቶው ከቀለበት እስከ ቀለበት ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶበታል። በከተማችን እንደዛ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ሌላ የለማ! ከዓመት ዓመት በዚህ ስንጣላ ነው የኖርነው። ቤልጅጉን ይዤ ሐጂ ጋ ሄድኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጫት እየቀነጠሱ ቡናቸውን ይጠብቃሉ።

«ሐጂ፣ ማሎ፣ ለአንድ ከሰዓት ብቻ ሜዳውን ይልቀቁልን።»

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ቡናው የት ይሂድ? የግብርና ባለሙያው መሬት ላይ አታድርቅ፣ የማድረቂያ አልጋ ሥራ ይለኛል። አንተ ደግሞ ከሲሚንቶው አንሳ ትለኛለህ። ጭንቅላቴ ላይ ላድርቀው?»

«ለዚህ ልጅ ነው ሐጂ። አሜሪካ ሊቀርበት ነው።»

«ባለፈው ተጫውቶ የለም እንዴ? ከተማው ሁሉ አይቶታል። ምን ጎደለበት?»

ቤልጅጉ ራሱ ቀደመኝ። «አልመቱኝም» አለ።

ሐጂ ጫቱን አስቀመጡት። «ምን አልክ?»

«ሰዎች አልመቱኝም። አልገፉኝም። አሜሪካ አልወደደም።»

«ወላሂ» አሉ ሐጂ፣ «ዳኝነት ተቀምጬ ስንቱን ሰምቻለሁ። አልመቱኝም ብሎ የሚከስ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።» ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ልጁን ደህና አድርገው አዩት። «እሺ። ቡናውን ግን እሱ ራሱ ያነሳል፣ እሱ ራሱ መልሶ ያሰጣል። አንዲት ፍሬ ብትረገጥ በኔና በቤልጅግ መሀል ጦርነት ነው።»

ቅዳሜ ቤልጅጉ በእንጨት መግፊያ ቡናውን ወደ ዳር ሲገፋ ዋለ። እንደዛ የሚያህል ሰው እንደዛ ሲጎነበስ አይቼ አላውቅም። እናቱን ራሱ ነው እቤት ያስቀራት። ምን ብሎ እንዳስቀራት አላውቅም፣ ብቻ ለስላሳው መጣ፣ እሷ ቀረች። አባትየው ካሜራውን ይዞ ሚኒባሳችን ጣሪያ ላይ ወጣ።

ጨዋታው ተጀመረ። በያጁ ልጁን በትከሻው ገፋ አደረገውና ወዲያው «ይቅርታ» አለው። በቃ ደሜ ፈላ። የዩኒት ሊደሩ ጥፊ ትዝ አለኝ፣ የነዛ የሦስቱ ልጆች ፎቶ ትዝ አለኝ፣ ማን ላይ እንደተናደድኩ እንኳን አላውቅም። «ዞር በል፣ እሱን ለኔ ተወው» አልኩና ቤልጅጉ ላይ ተለጠፍኩ። አፌንም ከፈትኩት።

«ጠጋ በል! ጠጋ በል አንተ ረጅሙ! ሙሉ ነው፣ ቦታ የለም! ወዴት ነህ? በዚህ አይኬድም!»

በክርኔ ደረቱን አልኩት። ወደቀ። ሕዝቡ «እኔ...» ብሎ ሊጀምር ሲል ሐጂ ከዘራቸውን አነሱ።

«ዝም! ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ማንም እኔን እንዳይል! ልጁ ተመታሁ ብሎ ደስ ይበለው!»

ቤልጅጉ ተነሳ። ጉልበቱን አላራገፈም። እንደገና መጣ፣ ኳሱን ከእጁ መነጨቅኩት። እንደገና መጣ፣ ሲዘል በወገቡ ገባሁበት፣ ኳሱ ወደ ቀበሌው ቢሮ ተወረወረ። ፉጨት የያዘው ዳኛ የኔው ሹፌር ነው፣ ስለዚህ ፋውል የሚባል ነገር የለም። አፍንጫው ደማ። እኔ ግን ኳሱ ከእጄ ሲገባ ደስታዬ እየቀነሰ መጣ። ጣሪያው ላይ አባትየው ካሜራውን ዝቅ አደረገው። ገባኛ፦ ይሄ ቪዲዮ ከሄደ ልጁ አበቃለት። ያኛው በይሉኝታ ቀረ፣ ይሄኛው በኔ ንዴት ሊቀር ነው።

አንዷን ልልቀቅለት ብዬ አሰብኩ። ቢያንስ አንዷን። ቤልጅጉ ፊቴን አየው። እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

«እንዳትለቅ!» አለኝ። በዛው ትንፋሽ በኦሮምኛ አንድ ስድብ ጨመረበት፣ ከገበያ የተማራትን፣ እዚህ የማልጽፋትን። ወደ አባቱም ዞሮ በቋንቋቸው ጮኸበት። ካሜራው ከፍ አለ።

ከዛ በኋላ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ኳሱን ለተማሪዎቹ ይሰጣል፣ እኔ ዓይኔን ስመልስ ሌላ ቦታ ተገኝቶ ይቀበላል። ሁለቱን ወንድማማቾች እርስ በርስ አጋጫቸው። በያጁ እንኳን ይቅርታ ማለቱን ተወ፣ ልጁ ግን እየተገፋም ያገባል። መጨረሻ ላይ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። መጣ። ዘለለ። እኔም ዘለልኩ፣ በአላህም በማርያምም እምላለሁ፣ ያለኝን ሁሉ ነው የዘለልኩት። ጉልበቱ ደረቴ ላይ አረፈ፣ ኳሱ ከነእጁ ቀለበቱ ውስጥ ገባ። የጎበጠው ቀለበት ይባስ ጎበጠ። እኔ በጀርባዬ የሐጂ ቡና ክምር ውስጥ ገባሁ።

ከዛ ሐጂ ራሳቸው «እኔን!» ብለው ጮኹ። ለኔ መስሎኝ «ደህና ነኝ ሐጂ» አልኩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ከቡናዬ ላይ ተነስ!»

የሁለተኛው ቪዲዮ መልስ የመጣው ከጅማ ስንመለስ ነው። ቤልጅጉ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ቆይቶ፣ መኪናው ሞልቶ ልንንቀሳቀስ ስንል እየሮጠ መጣ። ጋቢና ሌላ ሰው ስለነበር ከኋላ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል።

«ና አለኝ! የመጀመሪያ ዓመት ብዙ አልጫወትም፣ አግዳሚ ላይ ነኝ። ግን ና አለ!»

«አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ አሜሪካ ድረስ? እዚህ አግዳሚ አጥተህ ነው?» አልኩት። ግን እኔም ጥርሴ አልገጠመም። ተሳፋሪው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።

ትንሽ ሄድ ብለን ጠየቅኩት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። «ስለኔስ ምን አለ?»

«አለ፤ ይሄ ሰው ዘጠኝ ፋውል አለው፣ ዳኛው ዕውር ነው ወይ አለ።»

«ሌላስ?»

ቤልጅጉ ጉልበቱን አየ። «ሌላ የለም።»

ፊቴን በበሩ መስኮት ወደ ውጪ አወጣሁት። ንፋሱ ጥሩ ነው፣ ዓይን ያደርቃል። ከዛ ወደ ውስጥ ተመልሼ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመርኩ። ቤልጅጉ ጋ ስደርስ አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት እጄን ያዙኝ።

«ተው የኔ ልጅ፣ እሱን እለፈው። እንግዳ አይደል? ሊሄድልህም ነው።»

«እማማ» አልኳቸው፣ «እንግዳ ነው እያልን ልናስቀረው ነበር እኮ።» እጄን አፍንጫው ስር ዘረጋሁ። «ሒሳብ! ጉልበትህ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል፣ የሁለት ሰው ትከፍላለህ።»

ያችኑ የገበያ ስድብ ሰደበኝና የሁለት ሰው ከፈለ።