የሂርጳ የፊት ጥርሶች

በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሂርጳ ገለታ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ቤቱ አብነት ሰፈር ነው፤ የሚሠራው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ስለ ሥራው ብዙ አያወራም። ስለ ትራምፔት ካነሱበት ግን ማቆሚያ የለውም። ወለጋ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የጀመረው ነው፤ አዲስ አበባ ከመጣ ወዲህም በሚያመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን፣ በትንፋሽ መሣሪያ ቡድኑ ውስጥ ዋናውን ዜማ የሚነፋው እሱ ነው።

ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ አዳራሽ ሊያስመርቅ ነበር። የቡድኑ መሪ ጴጥሮስ ለዕለቱ አንድ መዝሙር አዘጋጀና መካከሉ ላይ ሂርጳ ብቻውን የሚነፋው ቦታ ጻፈለት። እዚያ ቦታ መጨረሻ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ረጅም ጊዜ የሚያዝ ድምፅ አለ። ሂርጳ ወረቀቱን እንዳየ ፊቱ በራ፤ ቤቱ ሲደርስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ለሚስቱ ለእንዳለች በአፉ እያዜመ አሰማት።

ነገሩ የመጣው በሁለተኛው ልምምድ ነው። ከፍተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ መሣሪያውን ከንፈሩ ላይ ጫን አደረገውና አንዱ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወደ ውስጥ ሸሸ። ቆመ። በምላሱ ሲነካው ተነቃነቀ፤ አጠገቡ ያለውም እንደዚያው። ሕመም የለውም፣ ደም የለውም። ደግሞ ሞከረ፤ ድምፁ ተሰነጠቀበት።

ትሮምቦን የሚነፋው ገዳ ብቻ ነገሩን አየና፣ አስነቅለህ ሰው ሠራሽ አስተክል፣ ይቀልሃል አለው። ሂርጳ ግን በሌላ ጥርስ እንደ አዲስ መንፋት መማር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ተብሰለሰለ። በመጨረሻ እንዳለች ሥጋውን በፊት ጥርሱ መንከስ ትቶ በጎን ጥርሱ ብቻ ሲገነጥል አይታ ጠየቀችው፤ ነገራት። በማግስቱ ይዛው ሰንጋ ተራ ወደሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች።

ሐኪሟ ዶክተር ሳሚያ የምትባል ወጣት ናት። ጥርሱን ከመንካቷ በፊት አንድ ቀጭን፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ በሚሊሜትር ምልክት የተደረገበት መለኪያ አሳየችው። በጥርሱና በድዱ መካከል ያለውን ክፍተት ልትለካበት ነው፤ እሷ ቁጥር ስትጠራ ነርሷ ፀዳለ ትጽፋለች። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ አምስት። ስድስት። አንድ የመንጋጋ ጥርስ ላይ ዘጠኝ። ሂርጳ አፉን ከፍቶ እንደተንጋለለ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ነገሩ የከፋ እንደሆነ ገባው።

ራጁ ሲነሳ ዶክተሯ አጥንቱን በጣቷ አሳየችው። ጥርስ የሚቆመው አጥንት ላይ ነው፤ ከድዱ ሥር ቆሻሻ ሲደነድንና ጀርም ሲራባ ድዱ ይቆጣል፣ ከጥርሱ ይላቀቃል፣ ውሎ አድሮ አጥንቱም ይበላል። የሱ የፊት ጥርሶች አንድ ሦስተኛ ያህል አጥንት አጥተዋል።

“ግን ይድናሉ” አለች። “የሄደው አጥንት አይመለስም፤ የቀረው ግን ይይዛቸዋል። አቶ ሂርጳ፣ ድድዎ ይህን ያህል ታሞ አለመድማቱ ገርሞኛል። ሲጋራ ያጨሳሉ?”

እንዳለች አጠገቡ ተቀምጣለች። ሂርጳ ጣሪያውን አየ። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ስድስት ዓመት አጭሷል።

“አዎ” አለ።

ሲጋራ የድዱን ደም ሥሮች ስለሚያጠብብ በሽታውን ይደብቃል አለችው ዶክተሯ፤ ካላቆመ ሕክምናው በደንብ እንደማይሠራም አልደበቀችውም። እንዳለች ታክሲው ጋ ሲደርሱ ነው የተናገረችው።

“ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አውቃለሁ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።”

በዚያው ቀን ኪሱ ውስጥ የነበረውን የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ ሰጣት።

ሕክምናው በሁለት ቀጠሮ ተሠራ፤ አንድ ቀን ቀኙ፣ አንድ ቀን ግራው። ማደንዘዣ ወግታው ከድዱ በታች ያለውን የጥርሱን ሥር ፋቀችው፣ አጠበችው። ዘጠኝ የተለካው የመንጋጋ ጥርስ ግን ተነቀለ፤ የሚይዘው አጥንት አልነበረውም። ብሩሹን ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ አዘንብሎ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ፣ በጥርሶቹ መካከል በትንሿ ብሩሽ እንዴት እንደሚያጸዳ መስታወት አስይዛ አስተማረችው።

ሲጋራ ካቆመ በሳምንቱ ብሩሹ በደም ቀላ። ሂርጳ ደነገጠ፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ምሳውን ትቶ ልደታን በእግሩ አቋርጦ ክሊኒኩ ሲደርስ ያለከልክ ነበር። ዶክተር ሳሚያ አይታው ፈገግ አለች። ድዱ ደም ሥሮቹን መልሶ እያገኘ ነው፤ መቦረሹን እንዳይተው፣ መድማቱ በሳምንታት ውስጥ እንደሚቀንስ ነገረችው። እሱም እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የካቲት ላይ እንደገና ልትለካው ቀጠረችው። ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። ዶክተሯ መጥራት ጀመረች፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። የፊት ጥርሶቹ ጋ ስትደርስ ሂርጳ ትንፋሹን ያዘ። ሦስት። አራት። ሦስት። ፀዳለ መጻፏን አቁማ ቀና ብላ አየችው። ዶክተሯ ጥርሱን በሁለት መሣሪያ ይዛ ገፋ አደረገችው፤ እንደ ድሮው አልሸሸም። በየሦስት ወሩ እየመጣ መታየት እንዳለበት፣ ይህም ዕድሜ ልክ እንደሆነ ነገረችው። እሱ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንፋት ይችላል? ይችላል፤ ግን ቀስ ብሎ ይጀምር፣ ድምፁንም በትንፋሹ እንጂ ከንፈሩን በመጫን አያውጣ።

መጀመሪያ በቀን አሥር ደቂቃ ነፋ፤ ከዚያ ሃያ። ሳይጫኑ ወደ ላይኛው ድምፅ መውጣት አዲስ ትምህርት ሆነበት፤ ሆዱን እያጠነከረ፣ እየተሳሳተ፣ መጋቢት ሙሉ ታገለ። አንድ ቅዳሜ ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ወጣና ራሱን አስደነቀው። ጎረቤቱ ድንቅነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ድገመው አለችው።

የፋሲካ ጠዋት አዲሱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መዝሙሩ መካከል ላይ ሲደርስ ጴጥሮስ እጁን አነሳለት። ሂርጳ ቆመ፣ አየር ስቦ ነፋ። ዜማው ሽቅብ ሄደ፤ የመጨረሻው ድምፅ ወጣና ያዘ፤ ጴጥሮስ ከጻፈለት በላይ ያዘው። ሕዝቡ በእልልታ ተነሳ፤ እንዳለች ከፊት ረድፍ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። የሚቀጥለውን ስንኝ ገዳና ሌሎቹ ያለ እሱ ጀመሩት። ሂርጳ ትንፋሹን ሰብስቦ የደረሰባቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።