የጋሽ ታምሩ አረም

ህሊና ጎረቤቴ ናት፤ ታቦር ሰፈር አንድ አጥር ነው የሚለየን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እሷ ስለ ሰብል ዘር ትመራመራለች። አንድ ቀን ግቢዋ ውስጥ በባልዲ የተከለችውን ማሽላ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ስታጠጣ አየኋት።

"ምነው ልጄ፣ አበድሽ እንዴ? ሰው ተክሉን ጨው ያጠጣል?"

"የትኛው እንደሚችለው ልይ ብዬ ነው፣ እትዬ አስካለ" አለችኝ እየሳቀች።

ነገሩ የመጣው ከአባቷ ነው። ጋሽ ታምሩ አዋሽ ዳር በመስኖ ሲያርሱ ኖረው፣ መሬቱ ጨው አወጣና ነጭ ሆኖ ቀረ። ማሽላው ሁሉ ሲደርቅ ቂሎ የሚሉት የዱር ማሽላ ብቻ ለምልሞ ቆመ። ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሲመጡ የሱን ዘር አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥረው አመጡላት። "ዕድሜ ልኬን ስነቅለው ኖሬ፣ እሱ ቀረ እኔ ተነቀልኩ!" ይሉ ነበር።

ህሊና እንዳስረዳችኝ፣ ቂሎው ጨው የሚችልበት ነገር ዘሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ጨውን ወደ ቅጠል አያሳልፍም። ሲያብብ ከእርሻው ማሽላ ጋር አዳቅላ የሚወጣው ዘር ያንን እንዲወርስ ነው ሐሳቧ። ከእፍኙ የበቀለው ግን ጥቂት ነው፤ ከእርሻው ማሽላ ጎን ለብቻው በባልዲ ተክላዋለች። ሌላ እንዳታስመጣ ደግሞ የአባቷ መሬት ላይ ግሬደር ገብቶ ጠርጎታል። ጋሽ ታምሩ ጠዋት ጠዋት ባልዲዎቹ አጠገብ ወንበር አስወጥተው እየተቀመጡ "ዛሬም አላበበም?" ይሏታል።

ሊያብብ ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌው ታመሙ። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እዚያው አረፉ።

በሐዘን ጊዜ የኛን እድር መቼም የሚቀድመው የለም። አስከሬኑን ይዘን ስንመጣ ግቢው ተጠርጎ፣ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀን። እኔ ግን ዓይኔ ባልዲዎቹ ላይ አረፈ። ማሽላው ያለባቸው አጥር ሥር ተደርድረዋል፤ ሌሎቹ ውኃ ተሞልተው ለእጅ መታጠቢያ ቆመዋል። ወይኔ! የእድሩን ዳኛ ጋሽ በላይነህን በክንዳቸው ጎትቼ "እዚህ ውስጥ የነበረውስ?" አልኳቸው።

"አረሙን? ነቅለን ለጎረቤት በግ ሰጠነው። እህሉን አልነካንም። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ፣ አረምና እህል ይጠፋኛል እንዴ?"

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ? ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ሲለፉ የዋሉ ሰው ናቸው።

ህሊናም አየችው። ባልዲው ሥር በጉልበቷ ወድቃ "አባዬ! አባዬ! ምን ልበልህ!" እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። ማንም ወደ ባልዲው አላየም።

ጋሽ በላይነህ ደግፈው አነሷትና "በርቺ ልጄ" አሏት፤ "ማሽላሽም እንዳይደርቅብሽ ብዬ ጥሩ ውኃ አጠጥቼልሻለሁ።"

ህሊና ቀና ብላ አየቻቸው። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለቻቸው።