ኖ ስሜል

ልጅ ሳለሁ፣ ኮሮና ኩዌትን በር ባስዘጋት ጊዜ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ጥሩነሽ ሻንጣዋን ይዛ አቡ ሐሊፋ ወዳለችው ጠባብ ቤታችን መጣች። ሳልሚያ ተቀጥራ ከምትሠራበት ቤት ማዳሟ አባርራት ነው። ያኔ ሰዓት እላፊው ሲገባ የምናደርገው ስላልነበረን፣ አክስቴ ፍም ታቀጣጥልና ቡኹር፣ ያንን ዓረቦች ቤት የሚያጥኑበትን ሽቶ የጠገበ እንጨት፣ ጣል እያደረገች ተረት ታወራልን ነበር። ከተረቶቿ ሁሉ የምንወደው የራሷን መባረር ነው።

ማዳም አንድ ቀን ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ «ጥሩ፣ ዩ ስሜል?» አለቻት። አክስቴ «ትሸቻለሽ» የተባለች መሰላትና ደሟ ፈላ። «ኖ ስሜል ማዳም! ኤቭሪ ዴይ ሻወር! ኖ ስሜል!» ማዳም ደግሞ «ማሽተት ተስኗታል፣ ኮሮና ይዟታል» ብላ በዚያው ቀን አስወጣቻት።

አባቴ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «አይ ፈረንጅ! ማሽተትንም መሽተትንም ባንድ ቃል ጠቅልሎ ሰው ያጣላል!» አስም ያለባት እናቴ ግን ብዙም አትስቅም፤ መስኮቱን ከፍታ ትቀመጣለች።

ካደግሁ በኋላ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብገልጥ፣ የዚያ «ስሜል» የሚሉት ቃል ምንጭ በውል አይታወቅም ይላል፤ ነበልባል ሳያወጣ ከሚጨስ እሳት ጋር ዘመድ ነው ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። እኛም ስንጠረጥር «ነገሩ ሸተተኝ» እንላለን። እኔ ከልጅነቴ ጠርጣራ ነበርኩ፤ እናቴ «ይህቺማ አዋላጇንም መታወቂያ ጠይቃለች» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የአክስቴ ተረት በተወራ ቁጥር ማዳም የጠየቀችበት ቦታ ይለዋወጣል፤ አንዴ ማድ ቤት ነው፣ አንዴ ሳሎን። በዚያ ላይ አክስቴ የበላችው ሁሉ አልጥም ብሏት ሚጥሚጣውን ታበዛለች። እውነትም ኮሮና ይዟት እናቴን ታሳምምብኛለች ብዬ ፈራሁ።

አንድ ምሽት ተረቱ መሃል ላይ ፍም ወድቆ፣ ከአክስቴ ጉልበት አጠገብ ምንጣፉ ውስጥ ውስጡን መጨስ ጀመረ። እናቴ ከማድ ቤት እያሳለች «ምንድነው የሚሸተኝ?» ብላ ጮኸች። አባቴ ውሃ ሊያመጣ ተስፈንጥሮ ተነሳ። አክስቴ ግን ገና «ኖ ስሜል ማዳም!» እያለች እጇን ታወናጭፋለች።

ጠጋ ብዬ «አክስቴ፣ ይሸትሻል?» አልኳት።

ይህ በአማርኛ ሁለት ትርጉም የለውም። እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች።

«ታዲያ የት ልሂድ፣ ልጄ?» አለችኝ። ተነስታ ወደ ትንሿ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን ገባችና በሩን በራሷ እጅ ዘጋችው።

እናቴ አልታመመችም፣ አክስቴም ዳነች። ያንን ተረት ግን ዳግመኛ አላወራችውም። ማዳም በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ የጠየቅናት አንድ ጥያቄ ነበር፤ የምትሸሸግበትን ቃል ያሳጣኋት ግን እኔ ነኝ።